553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፣ እና 13 ወር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም አስረዘመው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ደወል ተደውሎ እናንተ ቦርሳችሁን ስትዘጉ እኔ "አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" እል የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። ጠባይ አይለወጥም።

ታሪኩ በሰው የግጦሽ ሜዳ ላይ በገዛ እጁ የእንጨት ጀልባ ሠርቶ፣ በዚያችው ጀልባ ዓለምን ለብቻው ስለዞረ ሰው ነው። እንዴት እንደዞረ ብዙ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን ጀልባዋን ለመሥራት ስንት እንዳወጣና ያን ወጪ እንዴት አድርጎ እንደጻፈው ነው። መጨረሻ ላይ ስለራሴም የምናገረው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ሁሉ የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው።

ሰውየው ጆሹዋ ስሎከም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1844 በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ተወለደ፤ ኋላ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። አባቱ ቡትስ ጫማ ይሠሩ ስለነበር ልጁንም እዚያው ሥራ ላይ አስቀመጡት። የልጁ ልብ ግን ባሕር ላይ ነበር። ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ በመርከብ ላይ ተቀጠረ፤ ከታች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ የትልልቅ ሸራ መርከቦች ካፒቴን ሆነ። ሸራ መርከብ ስል በነፋስ የሚሄደውን ማለቴ ነው፤ ሞተር የለው፣ ከሰል የለው።

የዚህ ሰው መከራ ምን መሰላችሁ? ሙያውን አጥርቶ ባወቀበት ዘመን ሙያው ራሱ መሞት ጀመረ። እንፋሎት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። በቦዩ ውስጥም ሆነ በቀይ ባሕር ላይ ነፋሱ ለሸራ መርከብ አይመችም፤ የእንፋሎት መርከብ ግን በአቋራጩ ሰተት ብሎ ያልፋል። ሸራ የነበረው መርከብ አፍሪካን ዞሮ እስኪደርስ ባለ እንፋሎቱ ጭነቱን አራግፎ ተመልሷል።

እዚህ ጋ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። በዚያው በ1869 ሩባቲኖ የሚባል የጣልያን የመርከብ ኩባንያ በሳፔቶ በኩል አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ለምን? ለእንፋሎት መርከቦቹ ማረፊያ ፈልጎ ነው። በ1882 የጣልያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። እና ስሎከምን ከሥራው ያፈናቀለው የእንፋሎት መርከብ፣ አድዋን ካመጡብን ምክንያቶችም አንዱ ነው። ታሪክ እንዲህ ናት፤ አንዱን ክር ስትስቡት የሌላው ሰው ቤት ይነቃነቃል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሱ ጋር በመርከብ እየኖረች ልጆች የወለደችለት ባለቤቱ ቨርጂኒያ ቦነስ አይረስ አጠገብ አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄቲ የምትባል የዘመዱን ልጅ አገባ። በ1887 መጨረሻ ላይ ደግሞ አኩዊድኔክ የምትባለው የራሱ መርከብ ብራዚል ባሕር ዳርቻ ላይ አሸዋ ይዟት ተሰባበረች። ኢንሹራንስ አልነበራትም። በአንድ ጀንበር ካፒቴኑ ባዶ እጁን ቀረ። ሚስትና ሁለት ልጆች ይዞ፣ በሰው አገር።

እና ምን አደረገ? ጀልባ ሠራ። ከተሰበረችው መርከብ የተረፈውን ለቀመ፣ ከአካባቢው ደን እንጨት ቆረጠ። ሚስማሩን ከመርከቧ ስባሪ ብረታ ብረት አቅልጠው አወጡት፤ ለሚስማሩ ጫፍ ማጠሪያ የምትሆነውን ቀለበት ያገኙት የመዳብ ሳንቲም በስተው ነው። ትልቁ ልጁ ቪክተር አብሮት አናጢ ሆነ፤ ሄቲ ሸራውን ሰፋች። 35 ጫማ የምትረዝም ጀልባ ወጣች። ውሃ ላይ የወረደችው በሜይ 13፣ 1888 ነው። ያ ቀን ብራዚል ውስጥ ባርነት በሕግ የተሻረበት ቀን ስለነበረ ስሟን "ሊበርዳዴ" አሏት፤ ነጻነት ማለት ነው። በሷ ተሳፍረው እስከ አሜሪካ ድረስ ገቡ።

ስሎከም ስለዚች ጀልባ ሲጽፍ ወጪዋ ከራሳችን ጉልበት ሌላ 100 ዶላር አይሞላም ይላል። "ከራሳችን ጉልበት ሌላ" የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ እመጣባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናዋ ጀልባ። እ.ኤ.አ. 1892 ነው፤ ስሎከም 48 ዓመቱ ነው፣ ቦስተን ላይ ሥራ ፈትቷል። የሚያዝዛት መርከብ ቢፈልግ ለሁሉም የሚዳረስ መርከብ የለም። እነዚያ ምሰሷቸው ሰማይ ይነካ የነበሩ መርከቦች ምሰሷቸው ተቆርጦ የከሰል ጀልባ ሆነዋል፤ በገመድ ታስረው እንደ አህያ ከወደብ ወደብ ይጎተታሉ። እንግዲያው መርከብ መሥሪያ ቦታ አናጢ ሆኜ ልቀጠር ቢል፣ ለመቀጠር መጀመሪያ ለማኅበር 50 ዶላር ክፈል አሉት። ሥራ ለማግኘት ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ሥራ። ይሄ ነገር ለብዙዎቻችሁ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በዚህ መሀል ኢበን ፒርስ የሚባል ሽማግሌ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን አገኘው። "ፌርሄቨን ና፣ መርከብ እሰጥሃለሁ፤ ጥገና ግን ትንሽ ያስፈልጋታል" አለው። ስሎከም ሮጠ። ሄዶ ሲያይ "ስፕሬይ" የምትባል ያረጀች ጀልባ ናት፤ ከባሕሩ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ በእንጨት ተደግፋ፣ ሸራ ለብሳ ተቀምጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሽማግሌው በዚች አሮጌ ምን ሊሠራባት ይሆን እያለ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲገምት ኖሯል። ስሎከም መጥቶ ሲዞራት ሊያፈርሳት የመጣ መስሏቸው ነበር። "አይ፣ ላድሳት ነው" ሲላቸው ደነገጡ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አንድ ጥያቄ ሆነ። "ያዋጣል ወይ?" የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቃል። ከዓመት በላይ ይቺን ጥያቄ ሲመልስ ኖረ። እኛም አገር አንድ ሰው ቤት መሠረት ሲያወጣ፣ ዶሮ ሊያረባ ሲነሳ፣ መጀመሪያ የሚመጣው እርዳታ አይደለም፤ "ያዋጣል ግን?" ነው።

አሠራሩን እንደ አናጢ እንከተለው። አንደኛ፣ የጀልባዋ የጀርባ አጥንት፣ ኪል የሚሉት ከሥር የሚጋደመው ግንድ። ለሱ እዚያው አጠገብ የበቀለ ወፍራም የኦክ ዛፍ ቆረጠ፤ አንድ ገበሬ በትንሽ ክፍያ ሌላውንም እንጨት ጨምሮ ጎትቶ አመጣለት። ሁለተኛ፣ የጎን አጥንቶቹ። ለነሱ ቀጥ ያሉ ለጋ ነጭ ኦኮች ቆረጠ፤ በሣጥን ውስጥ በእንፋሎት እስኪለሰልሱ ቀቀላቸውና ግንድ ላይ አጎበጣቸው። ባለሙያን ከሥራ ያስወጣው እንፋሎት፣ እዚህ ጋ በአንድ ድስት ውኃ መልክ እንጨት ሲያጎብጥለት አስቡት።

ሦስተኛ፣ ጣውላው። ከጆርጂያ የመጣ አንድ ኢንች ተኩል የሚወፍር የፓይን ጣውላ። ይሄኛው ከሜዳ አይለቀምም፤ በገንዘብ ይገዛል። ጣውላው ከአጥንቶቹ ጋር በብሎንና በዳዶ ጭምር ታሠረ። አራተኛ፣ የጣውላውን መገጣጠሚያ መወተፍ። መጀመሪያ ጥጥ፣ በላዩ የገመድ ቃጫ። ጥጥ ሲወትፍ ያዩት አሮጌ ካፒቴኖች "ይሄ ጥጥ ተንሸራቶ ይወጣል" ብለው ተከራከሩት። እሱ መዶሻውን አላቆመም። ውሃ ላይ ስትወርድ አላፈሰሰችም። አምስተኛ፣ ቀለሙ፤ ከሥር የመዳብ ቀለም፣ ከላይ ነጭ። ስድስተኛ፣ ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ፤ ከኒው ሃምፕሸር የመጣ ስፕሩስ።

አሮጌውን እያነሳ አዲስ ሲተካ ከድሮዋ ስፕሬይ የቀረው ስሟ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ክፍል ውስጥ ይሄን ባነሳ አንዷ ተማሪ "ታዲያ ያቺው ጀልባ ናት ወይስ ሌላ?" ብላ ክፍለ ጊዜውን ትጨርስብኝ ነበር። ስሎከም ራሱ ይሄን ያነሳል፤ ስም ያላት መርከብ ክፍሏ በሙሉ ቢቀየርም ያቺው ናት ብሎ በመርከበኞች ደንብ ይዘጋዋል። ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወርዷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች። በሜትር ወደ 11 እና ወደ 4 ከሩብ ገደማ ማለት ነው። መካከለኛ ሳሎን አስቡ፤ በዚያ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረባት።

አሁን ሂሳቡ። ስሎከም መጽሐፉ ውስጥ ጀልባዋ ምን እንደፈጀች ሲናገር እንዲህ ነው፤ ለእቃ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፣ እና የራሱ የ13 ወር ጉልበት። በቃ። ሁለቱን አንድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ይቺን አረፍተ ነገር እንደ ታሪክ ሰነድ እንያት። ምን ትነግረናለች? ከ62 ሳንቲም ድረስ መጻፉ ይሄ ሰው እያንዳንዱን ሚስማር ሲመዘግብ እንደነበር ያሳያል። ምን ትደብቃለች? ጀልባዋ ራሷ በነጻ የተሰጠች መሆኗ በቁጥሩ ውስጥ የለም። የጎረቤት ሽማግሌዎቹ ምክር የለም። ባሕር ላይ የተማረው የሰላሳ ዓመት ሙያ የለም። ደግሞ ፌርሄቨን የቆየው ከ13 ወርም በላይ ነው። ብር ሲያልቅበት ወደቡ ላይ በሌሎች መርከቦች እየሠራ ደሞዝ ያገኝ ነበር፤ ያ ጊዜ ከ13ቱ ወር ውጭ ነው። ቤት በደሞዝ የሠራችሁ ሰዎች ይሄን ያለ ማብራሪያ ትረዱታላችሁ። ግድግዳው የሚቆመው ሲሚንቶ ባለ ቀን ነው፤ ሲሚንቶ በሌለ ቀን ሰውየው ሌላ ቦታ ለሲሚንቶ እየሠራ ነው።

ግን ከሁሉም በላይ እዩልኝ። ጉልበቱን በዶላር አልተመነውም። ከሂሳቡም አላስወጣውም። ለሌላ ሰው ምስክር እንደሚሰጥ ሆኖ ከገንዘቡ ጎን አቆመው። ለሊበርዳዴም ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ እዚያ "የኔ" ሳይሆን "የራሳችን" አለ፤ ልጁም ሚስቱም ሠርተዋልና።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ የታሪክ መምህራን "ፋሲል ቤተ መንግሥት ገነቡ" ብለን እናስተምራለን። "ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አሠሩ" እንላለን። ድንጋዩን ማን ተሸከመ? መድፉን ወደ መቅደላ አናት በገመድ የጎተተው ሰው ስሙ ማነው? ላሊበላን ቀን ሰው ሲፈለፍል ሌሊት መላእክት ያግዙት ነበር ይባላል። እኔ ይሄን ትውፊት እወደዋለሁ፤ ቢያንስ ሥራው ከአንድ ንጉሥ እጅ በላይ እንደነበር ያስታውሳል። ግን የሰዎቹ ስም እዚያም የለም። ብዕር የያዘው ሰው ያወጣውን ይጽፋል፤ መሮ የያዘው ሰው ያወጣው አይጻፍም።

ስፕሬይ ምን ሆነች? ስሎከም አንድ የዓሣ ወቅት ለማጥመድ ሞክሮ እንደማይሆንለት ካየ በኋላ ዓለምን ልዙርባት አለ። በኤፕሪል 24፣ 1895 ከቦስተን ተነሳ። በጀቱን ባሕር ላይም አልለቀቀውም። መርከበኛ በባሕር ላይ የት እንዳለ የሚያውቅበት ልዩ ሰዓት አለ፤ የሱ ተበላሽቶ ነበር፣ ማሠሪያው ደግሞ 15 ዶላር ነው። ተወው። በምትኩ ኖቫ ስኮሺያ ላይ የቆርቆሮ ሰዓት ገዛ። ዋጋዋ አንድ ዶላር ተኩል ነበር፤ ፊቷ የተሰበረ ስለሆነ በአንድ ዶላር ተከራክሮ ወሰዳት። በሷ ነው ዓለምን የዞረው። ሜልቦርን ላይ የወደብ ግብር ሲያስከፍሉት ደግሞ ጀልባዋን ለማየት የሚመጣውን ሰው በራስ 6 ፔንስ እያስከፈለ አካካሰው፤ ያ ሲያልቅ ሻርክ አጥምዶ እሱንም ለማየት 6 ፔንስ አለ። መርካቶ ቢወለድ ኖሮ ይሳካለት ነበር።

አሁን ደግሞ እኛን የሚነካ ነገር። የመጀመሪያ ሐሳቡ በሜዲትራኒያን ገብቶ፣ በስዊዝ አልፎ፣ በቀይ ባሕር መውረድ ነበር። ጂብራልታር ሲደርስ መንገዱን የሚያውቁ የባሕር ኃይል መኮንኖች በዚያ በኩል የባሕር ወንበዴ ብዙ ነው ብለው መከሩት። ሰማቸው፤ በኦገስት 25፣ 1895 ፊቱን አዙሮ አትላንቲክን መልሶ ተሻገረ። ባያዞር ኖሮ በምጽዋና በአሰብ ፊት ለፊት ነበር የሚያልፈው፤ ያውም ጣልያን በምጽዋ በኩል ወታደር በምታስገባበት ዓመት። እሱ ጂብራልታርን ከለቀቀ አንድ ወር ሳይሞላ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን አስነገሩ። የካቲት 23 አድዋ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን ስሎከም በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በማጄላን የባሕር ሰርጥ ውስጥ ከነፋስ ጋር ይታገል ነበር። እዚያ ሌሊት ወደ ጀልባዋ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ጣውላው ላይ ጫፋቸው ወደ ላይ የቆመ ትንንሽ ሚስማሮች በትኖ ይተኛል። በባዶ እግራቸው የወጡት ሰዎች እየጮኹ ዘለው ሲገቡ እሱ ከእንቅልፉ ነቃ። እዚህም ሚስማር አዋጣ።

በጁን 27፣ 1898 አሜሪካ ተመለሰ። ከሦስት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ 46,000 ማይል ተጉዞ፣ ብቻውን። ዓለምን ለብቻው በመርከብ ለመዞር የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ስፕሬይን ወደ ፌርሄቨን ወሰዳትና፣ ተሠርታ ውሃ ላይ በወረደች ቀን ታስራበት በነበረው በዚያው እንጨት አሰራት። ከዚህ በላይ ወደ ቤቷ ላቀርባት አልችልም አለ። "ያዋጣል ወይ?" ብለው ለጠየቁት ሰዎች መልሱ ይሄ ነበር ብዬ አስባለሁ። መጽሐፉ በ1900 ታተመ። ከዓመታት በኋላ ለብቻው እንደገና ከስፕሬይ ጋር ወጣ፤ አልተመለሱም።

አሁን የራሴ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ፣ በተከራየነው ቤት ጓሮ ጀልባ ሠርተናል። ከናንተ አንዳንዶቻችሁ ቤት መጥታችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሐሳቡ የኔ ነበር። ለዓሣ አጥማጅ እንሸጣታለን፣ ካዋጣ ሌላ እንሠራለን። ወንድሜ አናጢ ነው፤ ጎበዝ አናጢ። እኔ ገንዘቡን፣ እሱ ሙያውን። ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ መምህር አይደለሁ? ደብተሩ አሁንም አለ። እንዲህ ይላል። የዋንዛ ጣውላ 11,200 ብር። ሚስማርና ብሎን 2,150። ቀለምና ሬንጅ 2,890። ጥጥ 400። ማጓጓዣ 2,100። ድምር 18,740 ብር።

ጥር ላይ አለቀች። አንድ አጥማጅ 32,000 ብር ገዛን። እኔም ደብተሬን ገለጥኩ፤ ከ32,000 ላይ 18,740 ሲቀነስ ትርፍ 13,260። ለወንድሜ 3,000 ብር ሰጠሁት። "ላንተ" አልኩት፤ ጉርሻ እንደምሰጥ ሆኜ። ብሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ኪሱ ከተተ። ምንም አላለም። በሳምንቱ መጋዙንና መላጊያውን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሁለተኛ ጀልባ አልተሠራም። ከዚያ ወዲህ በበዓል ብቻ ነው የምንደዋወለው። "እንኳን አደረሰህ"፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን"፣ ቻው። እማዬ "ምን ሆናችሁ?" ስትለኝ "ምንም፤ ሥራ በዝቶበት ነው" እላታለሁ። እውነቴን ነበር የመሰለኝ። ደብተሩ ላይ ስህተት የለማ! ደምሬ ደምሬ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ወር ቤቱን ልቀቁ ተባልን። የጓሮውን መጠለያ ሳፈርስ ከውስጥ በኩል ካለው ምሰሶ ላይ የአናጢ እርሳስ ጭረት አየሁ። አራት ቆሞ አንድ ተጋድሞ፣ አራት ቆሞ አንድ ተጋድሞ። ቆጠርኩ። አሥራ አራት ሙሉ፣ ከዚያ አራት። 74። ወንድሜ የሠራባቸው ቀኖች ናቸው። እኔ ደብተር ስይዝ እሱም ይዞ ነበር። እኔ ግን ያየሁት የኔን ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ነው የስሎከምን መጽሐፍ በስልኬ አውርጄ ያነበብኩት። ያቺ አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፣ እና 13 ወር። የኔ ደብተር ላይ "እና" የለም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በጊዜው ሐዋሳ ውስጥ እንደሱ ያለ አናጢ በቀን 350 ብር ያገኝ ነበር። በ74 ቀን 25,900 ብር። እቃው ላይ ሲደመር ጀልባዋ 44,640 ብር ፈጅታለች። በ32,000 ሸጥናት። ትርፍ የለም፤ 12,640 ብር ኪሳራ ነው። ትርፍ ብዬ የተደሰትኩበት ብር ያልተከፈለ የወንድሜ ጉልበት ነበር። 13,260ው በሙሉ ለሱ ቢሰጥ እንኳ በቀን 179 ብር ነው የሚደርሰው፤ ከደሞዙ ግማሽ ገደማ። እኔ ደግሞ ከዚያም ላይ 3,000 ብቻ ሰጥቼ 10,260 ብር ኪሴ ከተትኩ።

ተማሪዎቼ፣ "ሰነድ ስታነቡ ማን እንደጻፈውና ምን እንዳልጻፈ ጠይቁ" ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያችኋለሁ? በፈተናም አውጥቼዋለሁ። የገዛ ደብተሬን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ከናንተ ብዙዎቻችሁ አሁን ሥራ ጀምራችኋል። ከወንድም፣ ከእህት፣ ከጓደኛ ጋር ሱቅ ትከፍታላችሁ፣ ቤት ትሠራላችሁ፣ ከብት ታደልባላችሁ። ደብተሩን የያዘው ሰው አንድ ገጽ ለጉልበት ይተው። በብር መተመን ባይፈልግ እንኳ ይጻፈው፤ እከሌ ይሄን ያህል ቀን ብሎ። ቤት ውስጥ እንጀራ ጋግራ ሠራተኛውን ሁሉ ያበላች እናትም እዚያ ገጽ ላይ ትግባ። ሥራው ሲጀመር ይጻፍ፤ ሲያልቅማ ሁሉም የራሱን ድካም ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ትናንት 10,260 ብሩን ላክሁለት። ከብሩ ጋር መልእክት ጻፍኩ፤ "የ74 ቀን ነው፣ አይበቃም፣ ይቅርታ" አልኩት። ማታ ደወለ። ብሩን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ "ጋሼ፣ ጀልባዋ አለች?" አለኝ።

"አለች መሰለኝ" አልኩት።

"ውሃ ታስገባለች?"

"እኔንጃ።"

"በፊቷ በኩል፣ በግራ፣ ታችኛው ጣውላ ላይ ጥጡን በደንብ አልወተፍኩትም። የመጨረሻ ቀን ነበር፣ ጨልሞብኝ ነው። ሁልጊዜ ያሳስበኛል። እስቲ ወርደህ እይልኝ።"

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ። አጥማጁን አገኘሁት፤ ጀልባዋ ቀለሟ ተቀይሯል እንጂ ያቺው ናት። ውስጧ ገብቼ በፊቷ በኩል፣ በግራ፣ ታችኛውን ጣውላ በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ ነው። ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ።

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።